«ገብቷል እህቴ?»፦ በኢንተርኔት ስንሸጥ ከአጭበርባሪ ገዢ ራሳችንን ስለመጠበቅ

ስለ ኢንተርኔት ግብይት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የገዢው መታለል ነው። ቀብድ ልኮ ሻጩ የጠፋበት፣ ከፎቶው ጋር የማይገናኝ ጫማ የደረሰው፣ አዲስ ስልክ ተብሎ የተጠገነ የተሸጠለት ሰው ታሪክ በየካፌው ይሰማል። ሻጭ ይታለላል ብሎ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እቃው በእጁ ነው፣ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ካልፈለገ «አልሸጥም» ማለትም ይችላል፤ ታዲያ ምን ሊሆን? እኔም የማስበው እንደዚያ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በ28,000 ብር የተማርኩትን ለዲፓርትመንታችን አንባቢያን ማካፈል ነው። ገንዘቡ የራሴ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ዝም ብዬ እረሳው ነበር። የራሴ አልነበረም።

ዓርብ አመሻሽ

ነገሩ የሆነው ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ያኔ ፍሬሽማን ነበርኩ፤ ጋዜጠኝነት እንደምማርም አላውቅም። የዶርም ጓደኛዬ ላፕቶፗን መሸጥ ፈለገች። ታናሽ እህቷ በትውልድ ከተማቸው አንድ የግል ኮሌጅ ገብታ ነበር፤ ክፍያው እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተከፈለ ፈተና አትቀመጪም ተብላለች። ጓደኛዬ ደግሞ ከማታውቀው ሰው ጋር ዋጋ መነጋገር ጭራሽ አይሆንላትም። እኔ ከዚያ በፊት ሁለት አሮጌ ስልክ በቴሌግራም ሸጬ ስለማውቅ ዶርም ውስጥ እንደ ነጋዴ ነበር የሚቆጥሩኝ። «በቃ ለእኔ ተዪው» አልኳት።

አራት ፎቶ አንስቼ፣ ዋጋ 28,000 ብር ብዬ፣ ያገለገሉ እቃዎች በሚሸጡበት አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ አስለጠፍኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መልእክት ይዘንብ ጀመር። «ላስት ስንት ነው?» «በ20 አይሆንም?» «ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል?» «በስልክ ይቀየራል?» ከእነዚህ ሁሉ መሀል አንዱ ብቻ ምንም አልተከራከረም። ስለ ባትሪው አልጠየቀም፤ ስለ ሚሞሪው አልጠየቀም፤ ኪቦርዱ ይሠራል ወይ እንኳ አላለም። የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ የት እንገናኝ እና ዛሬ ይቻላል ወይ። እኔም «ጨዋ ሰው ነው» አልኩ። እውነተኛ ገዢ እኮ ያስቸግራል። ከኪሱ ገንዘብ ሊያወጣ ነውና ይጠይቃል፣ ይነካካል፣ ያጣጥላል፣ «ይሄ ጭረት ምንድነው?» ይላል። ያኛው ግን የሚከፍለው ነገር ስለሌለ የሚከራከርበትም ነገር አልነበረውም። ይሄ የገባኝ በኋላ ነው።

መገናኛ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተገናኘን። ንጹሕ የለበሰ፣ ረጋ ያለ፣ 30 ዓመት የሚሆነው ሰው ነው። «ይቅርታ እህቴ፣ አስጠበቅኩሽ» ብሎ ተቀመጠ። ለራሱም ለእኔም ማኪያቶ አዘዘ። ላፕቶፑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ያህል አየት አየት አደረገና «ጥሩ ነው እህቴ፣ የሂሳብ ቁጥርሽን ስጪኝ» አለኝ። የጓደኛዬ ኤቲኤም ካርድ ጠፍቶባት ስለነበር ገንዘቡ በእኔ ሂሳብ ገብቶ አውጥቼ እንድሰጣት ተስማምተናል፤ ስለዚህ የራሴን ቁጥር ነገርኩት። ቁጥሩን ስልኩ ላይ ጽፎ ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ አነበበልኝ። «አንቺ ነሽ አይደል?» «ነኝ።» ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ወደ እኔ አዞረው። ብሩ መተላለፉን የሚገልጽ ደረሰኝ ነው። ስሜ አለ፣ 28,000 አለ፣ ቀኑ አለ። በዚያው ቅጽበት የእኔም ስልክ ጮኸ። ሜሴጁ ሙሉ ስሜን ጠርቶ 28,000 ብር ወደ ሂሳቤ እንደገባ ይናገራል።

«ገብቷል እህቴ?»

«አዎ፣ ገብቷል።»

ምንም አላጣራሁም ብል ራሴን መበደል ነው። የባንኩን አፕ ከፍቼ ቀሪ ሂሳቤን ለማየት ሞክሬ ነበር። ኔትወርኩ ደካማ ነበር፤ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፍትም። ሰውየው ሰዓቱን አየ። አልተቆጣም፣ አላጣደፈኝም። «የታክሲ ሰልፉ ሳይበዛ ልሂድ ብዬ ነበር፤ ግን ግዴለም እህቴ፣ እጠብቅሻለሁ» አለ። የጨረሰችኝ ይህች «እጠብቅሻለሁ» ናት። ሰው እንዲህ አክብሮኝ፣ ማኪያቶ ጋብዞኝ፣ ሜሴጁም ደርሶኝ ሳለ እንደ ሌባ ላስቀምጠው? አፈርኩ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ «ኧረ ችግር የለም ወንድሜ፣ ሂድ» አልኩት። ሂሳቡን ከፍሎ፣ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ ወጣ።

ዶርም ደርሼ *889# ደውዬ ቀሪ ሂሳቤን አየሁ። 412 ብር። እንደገና ደወልኩ። 412 ብር። ቴሌግራም ስከፍት የተጻጻፍነው ሁሉ ጠፍቷል፤ አንድ መስመር እንኳ የለም። ያን ምሽት ከሰውየው ኪስ የወጣው እውነተኛ ገንዘብ የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ብቻ ነው።

ስንት ምንጭ ነበረኝ?

ዘንድሮ ዲፓርትመንት ከገባን በኋላ በዜና አጻጻፍ ክፍለ ጊዜ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት ጥያቄ ጻፉ፤ «ማን አለ? እንዴት አወቀ?» ከዚያም ሁለት ጋዜጦች አንድን ወሬ ከአንድ ባለሥልጣን ሰምተው ቢጽፉት ምንጩ ሁለት ሳይሆን አንድ ነው ብለው አስረዱን። ክፍሉ ዝም ብሎ ሲጽፍ እኔ ግን የታየኝ ካፌው ነው።

ያን ቀን ሁለት ማስረጃ እንዳለኝ ነበር የቆጠርኩት። አንዱ እሱ ስልክ ላይ ያለው ደረሰኝ፣ ሌላው እኔ ስልክ ላይ የገባው ሜሴጅ። አንዱ ሌላውን ያረጋግጣል ብዬ አመንኩ። ነገር ግን ሁለቱም የመጡት ከራሱ ነው። ደረሰኙን እሱ ሠራው፤ ሜሴጁን ደግሞ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ግብረ አበሩ ላከው ወይም ራሱ በሌላ ስልክ ከጠረጴዛው ሥር ላከው። ስሜን ከየት አመጣው እንዳትሉ፤ እኔው ነኝ የሰጠሁት። በባንኮቻችን አፕ ላይ የሂሳብ ቁጥር ሲጻፍ የባለቤቱ ስም ይወጣል። ይህ የተደረገው ላኪው እንዳይሳሳት ተብሎ ነው፤ አጭበርባሪው ግን ስሙን አይቶ ለሜሴጁ ይጠቀምበታል። እኔ «ስሜን እስከ አያቴ የጠራ ባንክ እንጂ ማን ሊሆን ነው?» ብዬ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ ምንጩ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእኔ ሂሳብ። ገንዘቡ እዚያ ካለ አለ፤ ከሌለ የለም። ገዢው እጅ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር፣ ስክሪንሾት ይሁን፣ ወረቀት ይሁን፣ ስልኩን ከፍቶ በቀጥታ የሚያሳየን ገጽ ይሁን፣ የገዢው ቃል ነው። የባንክ መተግበሪያን መልክ አስመስለው የተሠሩ፣ ስምና መጠን ሲሞላባቸው ደረሰኝ የሚመስል ነገር የሚያወጡ አፖች መኖራቸውን ከዚያ በኋላ ነው የሰማሁት። ስለዚህ «ስክሪንሾት አልቀበልም፣ እዚሁ ፊቴ ላክ» ማለትም በቂ አይደለም። ፊቴ ነው የላከው።

የሚገርመው ይሄን የሚያውቁ ሰዎች በየቀኑ አጠገቤ አሉ። ግቢያችን በር ላይ ያለችው የሻይ ቤት ባለቤት ተማሪ በቴሌብር ሲከፍላት ስልኩን ቢዘረጋላትም አታይለትም። የራሷን ስልክ ከመጎናጸፊያዋ ሥር አውጥታ ታያለች፤ ካልደረሳት «ቆይ ልጄ፣ አልመጣም» ትላለች። እኔ እንዲያውም በዚህ ተቀይሜያት አውቃለሁ። እሷ ለ60 ብር የምታደርገውን እኔ ለ28,000 ብር አላደረግኩትም።

ሜሴጁ ሲመረመር

ከቴሌግራሙ ምንም ባይተርፍም ሜሴጁ ስልኬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በማግሥቱ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን እንደ ፈተና ወረቀት አገላብጠን አየነው። ከላይ እስከ ታች ያለው ጽሑፍ ከእውነተኛው አይለይም። መለየትም የለበትም፤ እውነተኛው ሜሴጅ በየሰው ስልክ ውስጥ ስላለ ገልብጦ ስሙንና ብሩን መቀየር ብቻ ነው ሥራው። ላኪው ግን በ09 የሚጀምር የማንም ሰው ስልክ ቁጥር ነበር። የባንክ መልእክት በባንኩ አጭር ስም ይመጣል፤ የቴሌብር ደግሞ ከ127 ነው የሚመጣው። ቁጥሩ ሜሴጁ አናት ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ጥድፊያ ያየሁት ስሜንና 28,000ን ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በሌሎች አገሮች የላኪውን ስም ራሱን አስመስሎ መላክ የተለመደ የማጭበርበሪያ ዘዴ ነው። ስለሆነም የላኪው ስም ትክክል መስሎ ከታየንም ሜሴጁን ጥቆማ እንጂ ማረጋገጫ አድርገን መውሰድ የለብንም።

ሌላው ስህተት ይበልጥ ያስቃል፣ ለሚስቅ ሰው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዝውውር መለያ ቁጥር «ኤፍቲ» በሚሉ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ይጀምራል። ቀጥለው የሚመጡት ሁለት አሃዞች የፈረንጆቹን ዓመት ያመለክታሉ፤ ከእነሱ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሲቆጠር ስንተኛው ቀን እንደሆነ። ይህን የነገረን ባንክ የሚሠራ የጓደኛዬ አጎት ነው። ኅዳር 20 ቀን 2017 በፈረንጆቹ ኖቬምበር 29 ቀን 2024 ሲሆን የዓመቱ 334ኛ ቀን ነው። እኔ በደረሰኝ ሜሴጅ ላይ ግን ከ24 ቀጥሎ የተጻፈው 301 ነው፤ ጥቅምት 17 መሆኑ ነው። ከወር በፊት የተላከን የሌላ ሰው ሜሴጅ ገልብጦ ቁጥሩን መቀየር ረስቶት ነበር። ደግሞ ቀኑ ስለገጠመ ብቻ እውነት ነው እንዳትሉ፤ የጠነቀቀ አጭበርባሪ ቀን መቁጠር አያቅተውም። ቁጥሩ የሚጠቅመን የተሳሳተ ከሆነ ነው።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ቀላል ነው። ዳታ ባይኖርም *889# ወይም ለቴሌብር *127# ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ከመገናኘታችን በፊት ቀሪ ሂሳቤን አይቼ 412 መሆኑን ማወቅ፣ ከዚያ ከተላከ በኋላ ደግሜ ማየት፣ 28,412 ካልሆነ ላፕቶፑን ከእጄ አለመልቀቅ። በቃ። ዶርም ውስጥ ያደረግኩትን ካፌው ውስጥ ባደርገው ኖሮ ዛሬ ይሄን አልጽፍም ነበር።

«ኔትወርክ ነው፣ ሲስተም ተጨናንቆ ነው፣ በኋላ ይገባል» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። አንዳንዴም እውነት ነው። ከአንድ ባንክ ወደ ሌላ ባንክ የሚላክ ገንዘብ ባንኮቹን በሚያገናኘው በኢትስዊች በኩል ሲያልፍ ሊዘገይ ይችላል። ገንዘቡ ከዘገየ ግን እቃውም ይዘገያል። ገዢው እውነተኛ ከሆነ ሌላ ማኪያቶ እንጠጣለን፤ ወይም ነገ እንገናኛለን።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ደግሞ መገናኛውን ቦታ መለወጥ ነው። አሁን የምሸጠው ነገር ካለ የምቀጥረው ባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት ነው። ዓርብ 11 ሰዓት ተኩልን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሬ ገንዘብ የሚከፍል ገዢም ቢሆን እዚያው ይቁጠር። መስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ከወጡ ወዲህ 28,000 ብር ማለት ባለ 200 ብር 140 ቅጠል ነው። ካፌ ውስጥ በጠረጴዛ ሥር 140 ቅጠል እየቆጠሩ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት ያስቸግራል። ለባንኩ ገንዘብ ተቀባይ ግን የዕለት ሥራው ነው፤ ቆጥሮ፣ ለይቶ፣ ሂሳብ ውስጥ አስገብቶ ይሰጠናል።

ሌሎች መንገዶች

የእኔ ገዢ ቀላሉን መንገድ ነው የሄደው። የኔን ነገር ሰምተው ሌሎች ተማሪዎች ሲያወሩኝ የባሰም አለ። አንዱ ዘዴ አብዝቶ ከፈልኩ ማለት ነው። ሐሰተኛው ሜሴጅ 28,000 ሳይሆን 32,000 ይላል፤ ከዚያ ገዢው ደንግጦ ይደውላል፤ «እህቴ በስህተት 4,000 ጨመርኩ፣ እባክሽ መልሺልኝ፣ የሰው ገንዘብ ነው» ይላል። ሻጩ ሐቀኛ በመሆኑ ቶሎ ይመልሳል። እቃውም ሄደ፣ ከራሱ ኪስም 4,000 ብር ሄደ። እዚህ ላይ የምንጠቃው በስግብግብነታችን አይደለም፤ የሰው ገንዘብ አልበላም በማለታችን ነው።

ሌላው ኮድ የሚጠይቀው ነው። «ገንዘቡ እንዲገባልሽ የመጣልሽን ቁጥር ንገሪኝ» ይላል። ገንዘብ ለመቀበል ከሂሳብ ቁጥር ወይም ከስልክ ቁጥር በቀር ምንም አያስፈልግም። የሚስጥር ቁጥርና በሜሴጅ የሚመጣ ኮድ የሚያስፈልገው ገንዘብ ለማውጣት ወይም አፑን በሌላ ስልክ ለመክፈት ነው።

ገዢው ራሱ ሳይመጣ ሞተረኛ የሚልክበትም አለ። ሞተረኛው ምንም የማያውቅ፣ እቃ አምጣ ተብሎ የተቀጠረ ምስኪን ሊሆን ይችላል፤ ቢያዝም የሚናገረው የለውም።

ስልክ የምትሸጡ ሰዎች አንድ ተጨማሪ መከላከያ አላችሁ። ስልኩ ውስጥ ያለውን የራሳችሁን አካውንት ገንዘቡ መግባቱን ከማየታችሁ በፊት አታውጡ። በተለይ አይፎን የባለቤቱ አካውንት ካልወጣለት ለሌላ ሰው አይከፈትም፤ ስለዚህ አጭበርባሪው «አሁኑኑ አጥፊልኝ» ብሎ መወትወቱ አይቀርም። ጠብቁ። እኛ ግን ላፕቶፑን ባዶ አድርገን፣ የይለፍ ቃሉን አንስተን፣ አጽድተን ነበር ይዘን የሄድነው።

እስካሁን «ሂሳባችሁን ብቻ እመኑ» ስል ቆየሁ። ይህም ግን የማይሠራበት አጋጣሚ አለ፤ እሱም ቼክ ነው። አሜሪካ ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ አሮጌ ሶፋዋን በኢንተርኔት በ700 ዶላር ልትሸጥ ለጠፈች። አንድ ገዢ የ1,200 ዶላር ቼክ በፖስታ ላከላትና «ትርፉን 500 ሶፋውን ለሚያጓጉዝልኝ ሰው ስጪልኝ» አላት። ቼኩን ባንክ አስገባች፤ በማግሥቱ ገንዘቡ ሂሳቧ ላይ ታየ። አየችው፣ በዓይኗ። 500ውን ልትልክ ስትል ያስቆመቻት አብራት የምትሠራ ሴት ናት፤ «ቆይ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቂ» አለቻት። በአሥረኛው ቀን ባንኩ ቼኩ ሐሰተኛ ነው ብሎ ገንዘቡን መልሶ ቆረጠ። ልካው ቢሆን ኖሮ 500 ዶላሩ የእሷ ዕዳ ነበር። የአሜሪካ ሕግ ባንኮች ከተቀመጠ ቼክ ላይ ገንዘቡን በቶሎ ለደንበኛው ክፍት እንዲያደርጉ ያስገድዳል፤ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ሊታወቅ የሚችለው ግን ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ነው። አጭበርባሪው የሚኖረው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለችው ክፍተት ውስጥ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ይህችን ብትነግሯቸው ጥሩ ነው፤ አክስቴ እዚያ 19 ዓመት ኖራ አታውቀውም ነበር።

ጣቢያ

ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። ቃላችንን የተቀበሉን መርማሪ ትዕግሥተኛ ሰው ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ግን ባዶ እጃችንን መምጣታችንን አሳየን። «ስሙ ማነው?» አናውቅም። «ስልክ ቁጥሩስ?» በቴሌግራም ነው የተጻጻፍነው፤ ቁጥሩን ደብቆት ነበር። ሜሴጁ የመጣበት ቁጥር አለ፤ ተዘግቷል። «የተጻጻፋችሁትን አሳዩኝ።» የለም። በቴሌግራም ሁለት ሰዎች ብቻቸውን የተጻጻፉትን አንደኛው ወገን ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል፤ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው። «የላፕቶፑ ሲሪያል ቁጥር?» ጓደኛዬ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ካርቶኑ ክረምት ላይ ተጥሏል። ሲሪያል ቁጥር ከላፕቶፑ ሥር ተለጥፎ ወይም ታትሞ ይገኛል፤ ስልክ ከሆነ *#06# ሲደወል አይኤምኢአይ ቁጥሩ ይወጣል። አንድ ፎቶ ማንሳት ነበር ሥራው። አራት ፎቶ አንስቼ አንዱም ይሄ አልነበረም።

ሕጉ አለ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 10 ላይ አሳሳች የኮምፒዩተር ዳታ በማሰራጨት ወይም ማንነትን በመደበቅ ሰውን አታልሎ መብቱን የሚጎዳ ድርጊት እንዲፈጽም ማድረግን እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና በገንዘብ መቀጮ ያስቀጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። ሆኖም ሕግ የሚሠራው ሰውየው ሲገኝ ነው፤ ሰውየው የሚገኘው ደግሞ እኛ ቀድመን በያዝነው መረጃ ነው። ስለዚህ ከመገናኘታችሁ በፊት የተጻጻፋችሁትን ስክሪንሾት አንሱ (ስክሪንሾት ለዚህ ሲሆን ይጠቅማል)፤ ገዢውን በመደበኛ ስልክ ሳታናግሩ አትቅጠሩ፤ ካልታለላችሁም በኋላ አጥፉት። መርማሪው ቃላችንን ጽፈው፣ አስፈርመው ሸኙን። እስካሁን የተገኘ ነገር የለም።

ስለ ይሉኝታ ትንሽ ልበልና ላብቃ። ሰውየው ካፌው ውስጥ በቆየንበት ሩብ ሰዓት ስንት ጊዜ «እህቴ» እንዳለኝ አልቆጠርኩም። ብዙ ነው። እሱ የሚያውቀው ቴክኖሎጂ ብዙም የረቀቀ አልነበረም፤ ቀን መቁጠር እንኳ ረስቷል። በደንብ የሚያውቀው እኔን ነው። «ቆይ ላጣራ» ማለት እንደ ስድብ የሚሰማት፣ ትልቅ ሰው ሲያከብራት የምትሸነፍ፣ ጋብዟት የምታፍር ልጅ መሆኔን አውቋል። መርካቶ ውስጥ ነጋዴው ብሩን ፊታችን ቆጥሮ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አይቶ ነው ኪሱ የሚከተው። ማናችንም አንቀየምም። ገንዘቡ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ስልክ ውስጥ ሲገባ ግን መቁጠሩ ነውር የሆነብን ይመስለኛል፤ እኔ ላይ ቢያንስ ሆኗል። አሁን የምጠቀምበትን ዘዴ ልንገራችሁ፤ ጥፋቱን በራሴ አደርገዋለሁ። «ወንድሜ ይቅርታ፣ ከዚህ በፊት ተታልዬ ስለማውቅ ሂሳቤን ሳላይ አልሰጥም» እላለሁ። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ የራሱን ታሪክ ይነግረኛል። አንድ ጊዜ አንዱ ተቆጥቶ ትቶኝ ሄዷል። እቃውን በሦስተኛው ቀን ለሌላ ሰው ሸጥኩት።

የጓደኛዬ እህት ፈተናዋን ተፈተነች፤ አጎትየው አበድረው ከፈሉላት። ጓደኛዬ አንድ ቀን እንኳ «ገንዘቤን» ብላኝ አታውቅም። እኔ ግን ከቤት ከሚላክልኝና ቅዳሜ ቅዳሜ ከማስጠናቸው ልጆች ከማገኘው እየቆነጠርኩ እከፍላታለሁ፤ ከ28,000 ብሩ 17,500 መልሻለሁ። ባለፈው ወር 1,500 ብር በሂሳቧ አስገብቼ ደረሰኙን በቴሌግራም ላክሁላት። ያለችው አልጋዋ ላይ፣ ከእኔ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ስክሪንሾቱን አልከፈተችውም። ስልኳን አንስታ *889# ደወለች፤ ቀሪ ሂሳቧን አየችና ቀና ብላ «ገብቷል» አለችኝ።